ቦይለሩ እንቢ ሲል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል)

  

ዛሬ የምናወራው ስለ ቦይለር ነው። ስለ ውሃ ማሞቂያ። ጉዳዩ ደሴዎችን ይበልጥ ይመለከታል፤ ኮምቦልቻዎች ግን ሬዲዮውን እንዳትዘጉ፣ ለእናንተም የሚሆን አለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ እንላለን። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ደሴ ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚነቃ ሰው የጠዋት ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ማንም አይነግረውም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቦይለራችሁ ማሞቅ ሲያቆም መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

(አጭር ዝምታ)

ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» ብለን እንፈርዳለን። ኤሌክትሪሽያን ይጠራል፣ አዲስ ሬዚስታንስ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ውሃውም ይሞቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ያኔ ደግሞ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እንላለን። ሊሆን ይችላል። ግን የመጀመሪያው ሬዚስታንስ ለምን ተቃጠለ ብለን ጠይቀን ነበር? እሱን ሳንጠይቅ ሌላ መግዛት ሁለተኛውንም ለማቃጠል መክፈል ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ቦይለር ሲያስቸግር ጥያቄው በቅደም ተከተል ይጠየቃል፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መብራት፣ መጨረሻ ላይ ዕቃው። ልድገመው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መብራት፣ መጨረሻ ላይ ዕቃው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ያለውን እንወቅ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ ሙቁ ውሃ ከላይ ይወጣል። ታች በኩል ሬዚስታንሱ አለ፤ ሥራው ከእንጀራ ምጣዳችን ሬዚስታንስ የተለየ አይደለም። ከጎኑ ቴርሞስታት አለ፤ ውሃው በቃኝ ሲል መብራቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ውስጥ የተሰቀለ የማግኒዚየም ዘንግ አለ፤ ጋኑ እንዳይዝግ በጋኑ ፈንታ እሱ ይበላል። በመጨረሻ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ አንዲት ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ዛሬ ደጋግመን የምናነሳት እሷን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ። ቦይለሩ ውስጥ ውሃ አለ ወይ?

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ትሉኝ ይሆናል። ግን ከተማችንን አስቡት። ደሴ ዳገት ናት። ውሃው በፈረቃ ይመጣል። እንበልና የእናንተ ቤት ከዳገቱ ላይ ነው፤ ቦይለራችሁም ያለ ሮቶ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ተያይዟል። ማታ ውሃው ተቋረጠ። ከእናንተ በታች ያሉት ቤቶች ቧንቧ ሲከፍቱ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁል ወደ እነሱ ይወርዳል። የእናንተም ቦይለር ውሃ አብሮ ሊሄድ ይሞክራል።

የሚያስቆመው ምንድን ነው? ያቺ ሴፍቲ ቫልቭ። ውስጧ ውሃ አስገብታ መልሳ የማታስወጣ ትንሽ በር አለች። በሯ ካረጀች፣ ወይም አሸዋ ከተሰነቀረባት አትዘጋም። አንድ ሰው ደግሞ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ «ውሃ የለም እንዴ» ብሎ ሳይዘጋው ከሄደ፣ አየር በዚያ ይገባል፤ ቦይለሩም ወደ መጣበት መስመር ይገለበጣል። ማንም አያውቅም። ቦይለሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሌሊት መብራት ሲመጣ ሬዚስታንሱ በባዶ ጋን ውስጥ ይግላል። ሬዚስታንስ በውሃ ውስጥ እንዲሠራ እንጂ በአየር ውስጥ እንዲሠራ አልተሠራም፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ ካጣ ወዲያው ይቃጠላል።

በየጥቂት ወሩ ሬዚስታንስ የሚለወጥበት ቤት ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ዋናው ጥፋተኛ የሬዚስታንሱ ጥራት ላይሆን ይችላል፤ ያች ትንሽ በር ልትሆን ትችላለች። 

ታዲያ ምን እናድርግ? ውሃ ሲቋረጥ የቦይለሩን ማብሪያ አጥፉ። ውሃ ሲመጣ ወዲያው አታብሩ። መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። እየተንፈቀፈቀና እየተፋ ይመጣል፤ ያ አየር ነው። ታገሡት። ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቦይለሩ ሞልቷል ማለት ነው። ያኔ ዝጉት፤ ከዚያ መብራቱን አብሩ። ውሃ ይቅደም፣ መብራት ይከተል። ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ልጆች፣ ለእንግዳም ለተከራይም ንገሩ፦ ውሃ ይቅደም፣ መብራት ይከተል።

የቀዝቃዛው ቧንቧ እየሠራ የሙቁ ጭራሽ የማይወርድ ከሆነስ? የቦይለሩ መግቢያ ቫልቭ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ቆሻሻ ይዞት ይሆናል። ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ሮቶው ከቦይለሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል እዩ። ሮቶ ውሃ የሚገፋው በከፍታው ብቻ ነው፤ ከፍታው ትንሽ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ የታሰረ አየር ራሱ ውሃውን ሊያቆመው ይችላል። ሻወሩ ላይ በቀጥታ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ያላችሁም፣ ኮምቦልቻ ላይ ይህን የምትመርጡ ትኖራላችሁ፣ ውሃው ጉልበት ከሌለው ማሞቂያው አይነሣም። ብዙዎቹ የውሃ ግፊት ካላገኙ መብራቱን አያስገቡም። ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሮቶውን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ተመልከቱ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መብራት እየደረሰው ነው ወይ?

«ቀይዋ መብራት በርታለች እኮ» የሚል ሰው አውቃለሁ። አትመኗት። በብዙ ቦይለሮች ላይ ያቺ መብራት የምትናገረው ቴርሞስታቱ መብራት ማሳለፉን ብቻ ነው። ሬዚስታንሱ ውስጡ ተበጥሶም መብራቷ ትበራለች።

ከእሷ ይልቅ ቆጣሪውን ጠይቁ። መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁንም ጭምር። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ እንደያዘ አንድ ሰው ያብራው፣ ሌላው ቆጣሪው ጋ ይቁም። አሮጌው ቆጣሪ ከሆነ ጎማው ፈጥኖ ይዞራል፤ አዲሱ ከሆነ ትንሿ ቀይ ብልጭታ ትፈጥናለች። ከፈጠነ ሬዚስታንሱ እየሠራ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ መብራቱ ሬዚስታንሱ ጋ አልደረሰም፣ ወይም ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። ይህን ብቻ አውቆ ባለሙያ መጥራት ግማሹን ሥራ ሠርቶ እንደመጥራት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ማታ ማታ ውሃው ለብ ብሎ የሚቀርባችሁ፣ ሌሊት ግን በደንብ የሚሞቅላችሁ አላችሁ? ይኖራል። ያ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የመብራታችን ኃይል 220 ቮልት መሆን አለበት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል። 180 ቢደርስ ቦይለሩ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 160 ቢደርስ ግማሽ ያህል ብቻ ይቀራል። ቮልቱ የወረደው በሩብ ሲሆን ሙቀቱ የሚወርደው በግማሽ ነው። የብዙ ሰው ግምት እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በዚያ ላይ ጊዜውን አስሉ። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር የደሴን የጠዋት ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ለማድረስ፣ መብራቱ ሙሉ ሆኖ እንኳ፣ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ይፈልጋል። ሻወር ልትገቡ ሃያ ደቂቃ ሲቀር አብርታችሁ «አይሠራም» ብትሉ እሱ ምን ያድርግ? ስለዚህ ኃይሉ ጥሩ በሆነበት በሌሊት ወይም በማለዳ አብሩት። ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ አታብሩ፤ ብሬከሩ ቢወድቅ ብሬከሩን አትውቀሱት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ጥያቄ ዕቃው ራሱ ነው። ውሃ አለ፣ መብራትም አለ፣ ሙቀት ግን የለም። እዚህ ላይ ክዳን ይከፈታል፤ ክዳን ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። የግድግዳው ማብሪያ ጠፋ ማለት መብራት የለም ማለት አይደለም። ብሬከሩ ይውረድ፣ በቴስተርም ይረጋገጥ። ይህን የማያውቅ ሰው ክዳኑን አይንካ፤ ባለሙያ ይጥራ።

ክዳኑ ሲከፈት በብዙዎቹ ቴርሞስታቱ ላይ ትንሽ የምትጫን ቁልፍ አለች። ውሃው ከልክ በላይ ሲግል መብራቱን የምትቆርጠው እሷ ናት። ስትጫን «ቀጭ» ካለች ዘላ ነበር ማለት ነው፤ ቦይለሩም ይነሣል። ብዙ ጊዜ ጥገናው እዚህ ላይ ያልቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ግን ለምን ዘለለች? ቴርሞስታቱ ደክሞ ይሆናል፣ ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይሆናል፣ ወይም ቅድም እንዳልነው ቦይለሩ ባዶ ሆኖ በርቶ ይሆናል። በወር ሁለት ጊዜ የምትዘል ቁልፍ እየጫኑ መኖር ግን ጥገና አይደለም።

ነጩን ቅርፊት ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ከምንጭና ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ኖራ ነክ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ቦይለሩ ሲሞቅ ውስጡ ጠጠር እንዳለበት የሚንኳኳና የሚንጫጫ ከሆነ ምልክቱ ነው። ሬዚስታንሱ ጋቢ እንደለበሰ ሰው ሙቀቱን ለራሱ ይይዘዋል፤ ውሃው ዘግይቶ ይሞቃል፣ ሬዚስታንሱም ከውስጥ ግሎ ይፈነዳል። ባለሙያ በዓመት አንዴ ከፍቶ ቢያጥበው፣ የማግኒዚየሙንም ዘንግ አብሮ ቢያየው፣ ዕድሜው ይረዝማል። ዘንጉ አልቆ ሽቦው ብቻ ከቀረ መለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበላው ጋኑ ነው፤ ጋን ደግሞ አይጠገንም። ከሙቁ ቧንቧ ብቻ ቡናማ ውሃ መውረድ ከጀመረ ዝገቱ ሳይጀምር አልቀረም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አንድ አስቸጋሪ ብልሽት ላንሳ። ውሃ አለ። ቆጣሪው ይዞራል። የቦይለሩ መውጫ ቱቦ በእጅ ሲነካ ያቃጥላል። ሻወሩ ላይ ግን ለብ ያለ ውሃ ብቻ! ምን ሆኖ ነው?

(አጭር ዝምታ)

ቀዝቃዛው ውሃ ሰርጎ ሙቁ ውስጥ እየገባ ነው። መግቢያው ብዙውን ጊዜ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅለው የሻወር ወይም የኩሽና ቧንቧ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲያልቅ ሁለቱ ውሃዎች እዚያ ይገናኛሉ። በእጅ የሚያዝ ሻወር ያላችሁ ደግሞ ቧንቧውን ሳትዘጉ ጫፉ ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ ብትዘጉት ያው ነው፤ ቀዝቃዛው በዚያ በኩል ወደ ሙቁ መስመር ይሻገራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ብሬከሩን አውርዱ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ ዝጉ። ከዚያ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ። ጥቂት ወርዶ መቆም አለበት፤ መግቢያው ተዘግቷልና። ካልቆመስ? ውሃው በቦይለሩ በኩል አልመጣም፤ በሆነ ቦታ ከቀዝቃዛው መስመር ተሻግሯል ማለት ነው። ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ያላችሁ ይህን ፈተና በተለይ ያዙ። በአንድ ክፍል የተበላሸ አንድ ቧንቧ የፎቁን ሁሉ ውሃ ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ቦይለር ሲለውጥ ይከርማል።

ይህ ፈተና የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሸራ የሚሄዱ ጀልባዎች ላይ ሰዎች ወራት ይኖራሉ፤ ሙቅ ውሃም አላቸው። ኮምቦልቻ ወደብ አላት፣ ግን ደረቅ ወደብ ነው፤ ሐይቅ ላይም ቢሆን በታንኳ የሚሻገር ሰው ሻወር አይጠይቅም። ቢሆንም ባሕር ዳር ሠልጥነው መርከብ ላይ የሚሠሩ ልጆቻችን ስላሉ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የጀልባው ቦይለር ሬዚስታንስ አለው፤ ወደብ ላይ ሲቆም ከወደቡ መብራት ይወስዳል። ባሕር ላይ ሲሆን ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፍል ውሃ በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ባለ ጥምዝምዝ ቱቦ እያለፈ የመታጠቢያውን ውሃ ያሞቀዋል። የሞተር ሙቀት ነውና በነፃ የተገኘ ነው። ሞተሩ ግሎ ውሃው አልሞቅ ሲል ባሕረኞቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቱቦው ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ያ ካልሆነ የተሻገረ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋሉ፤ የሚፈትኑትም አሁን በነገርኳችሁ መንገድ ነው። እነሱም መጀመሪያ ውሃውን ይጠይቃሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሴፍቲ ቫልቯ ልመለስ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ቦይለሩ ሲሞቅ ሴፍቲ ቫልቯ ጠብ ጠብ ትላለች። ሰው ይናደዳል፤ ወለሉ ይረጥባል፣ ግድግዳው ይበላሻል። ከዚያ በጨርቅ ያስሯታል፣ በቡሽ ይደፍኗታል፣ ፈትተው የሚጥሏትም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት! ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ከቀዝቃዛ እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ትርፍ ውሃ ይወጣዋል። በሯ ወደ ኋላ አታስመልሰውም፤ ታዲያ በየት ይውጣ? በዚያች ጠብታ ነው የሚወጣው። ቴርሞስታቱ ቢበላሽና ውሃው መፍላት ቢጀምር ጋኑ እንዳይፈነዳ የመጨረሻዋ መተንፈሻ እሷ ናት። የተደፈነች ሴፍቲ ቫልቭ ያለው ቦይለር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈንጂ ነው።

ሲሞቅ ጠብ ማለቷ ጤና ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም ሌት ተቀን ካፈሰሰች ግን ወይ አርጅታለች ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፤ ትለወጥ ወይም ግፊት መቀነሻ ይገጠም። ከሥሯ ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ምሯት፤ ወለሉም ይድናል። ልድገመው፦ ትለወጥ እንጂ አትደፈን።

ስለ ሙቀቱ ልክም አንድ ነገር። ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው የሚያዞሩት አሉ። 60 ዲግሪ ግድም ይበቃል። ደሴ ላይ ማንቆርቆሪያ ራሱ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሻያችን እንኳ መቶን አያይም። 60 ዲግሪ ውሃ የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ ክፈቱ። በጣም ዝቅ ማድረግም ደግ አይደለም፤ ለብ ብሎ ለቀናት የቆመ ውሃ ሳንባ ለሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ይመቻል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። ሻወር ላይ ሆናችሁ ቧንቧውን ስትነኩ ነዝሯችሁ ያውቃል? «ትንሽ ነው፣ ይኮረኩራል እንጂ» የሚል ሰው አለ። ትንሽ የሚባል የለም። የተሰነጠቀ ሬዚስታንስ መብራቱን ወደ ውሃው ይለቀዋል። ግራውንድ በትክክል የተሠራለት ቤት ውስጥ መብራቱ በግራውንዱ ይሄዳል፤ ብሬከሩም ሊወድቅ ይችላል። ግራውንድ በሌለበት ቤት ግን እርጥብ ገላችሁ ግራውንድ ይሆናል። በቦይለሩ ምክንያት ብሬከር ደጋግሞ የሚወድቅባችሁ፣ ብሬከሩን በትልቅ አትለውጡት፤ እየጮኸላችሁ ነው።

አድማጮቻችን፣ የኪራይ ቤት ያላችሁ አከራዮችም ጭምር፣ ዛሬ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቦይለራችሁ ሥር ቁሙና ሁለት ነገር እዩ፦ ሴፍቲ ቫልቯ ተደፍናለች ወይስ ክፍት ናት? ከቦይለሩ የሚወጣው ቢጫና አረንጓዴ የግራውንድ ሽቦስ የሆነ ቦታ ታስሯል ወይስ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል? ሁለተኛውን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን በመሣሪያ ይለካው። ተለክቶ ግራውንድ አለው እስኪባል ድረስ ቤተሰቡ ሻወር ከመግባቱ በፊት ብሬከሩ ይውረድ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)